ደሴ ላይ ፕላን የሚጀምረው ከውኃ መውረጃው ነው

በከተማ አስተዳደር ውስጥ ከፍተኛ የከተማ ፕላን ባለሙያ መሆን በአብዛኛው ሌላ ሰው የሠራውን ሥዕል መርምሮ መፈረም ነው። ሽንሻኖውን፣ ማለትም መሬቱ ወደ ቤት ቦታዎች የሚከፋፈልበትን ሥዕል፣ የሚያወጣው ሌላ ባለሙያ ነው፤ ችካሉን የሚተክለው ቀያሹ ነው፤ የግንባታ ፈቃዱን የሚሰጠው ሌላ ክፍል ነው። የከፍተኛው ባለሙያ ፊርማ ግን ከችካሉም ከፈቃዱም በፊት ያርፋል። ክረምት ገብቶ ግንብ ሲደረመስ ወይም ጎርፍ ሰው ቤት ሲገባ ከመዝገብ ቤት ተፈልጎ የሚወጣው ያ ፊርማ ነው። ይህን የምጽፈው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ወደዚህ መደብ ለምትመጡ ባለሙያዎች ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው ሽንሻኖ አብዛኛው ለሜዳ የሚሆን ነው፤ ደሴ ሜዳ የላትም።

ከተማዋ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ባቀፏት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጣለች። መሐሏን ቦርከና ይወርድበታል። ከፍታዋ 2500 ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን፤ ውኃውም አብሮን ይወርዳል። ደሴ ላይ ከቆርቆሮና ከኮብልስቶን ላይ የሚሮጠው ዝናብ ቦርከና ገብቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ ይሄዳል። ደሴ ላይ ሰፈር ስንሸነሽን ኮምቦልቻ ወንዝ ዳር ስላለ ቤትም እየወሰንን ነው።

አፈሩንም ማወቅ ግድ ነው። ከላይ የበሰበሰ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ከተራራው እግር ላይ ደግሞ ለዘመናት ተንከባሎ የተጠራቀመ የሸክላ አፈርና ድንጋይ ድብልቅ አለ። ይህ ቁልል በበጋ ሲደርቅ ግንብ ይመስላል። ሐምሌና ነሐሴ ውኃ ሲጠግብ ግን ክብደቱ ይጨምራል፣ በውስጡ ያለው ውኃ አፈሩን ከአፈር ያላቅቀዋል፣ ከሥር ያለው አለትም ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ለዚህ ነው ደሴ ላይ የመጀመሪያው ሥዕል የመሬት አጠቃቀም ካርታ ሳይሆን የውኃ መውረጃ ካርታ መሆን አለበት የምለው።

መሬቱን ለማየት የሚሻለው ጊዜ ነሐሴ ነው። የመስክ ሥራ ብዙውን ጊዜ በጥርና በየካቲት ይያዛል፤ መንገዱ ደረቅ ነው፣ መኪናም ይገኛል። በጥር የታየ ሸለቆ ግን ውሸቱን ነው የሚያሳየው። የበጋውን ሥራ አታስቀሩ፤ ያንኑ ቦታ በነሐሴ ግን ከዝናብ በኋላ በእግር ደግማችሁ ሂዱ። የወንዝ ወይም የቦረቦር ዳር ከለላ፣ ማለትም ሳይገነባበት የሚተወው መሬት፣ ስፋቱ የሚለካው በጥር ውኃው ካለበት ሳይሆን ዳሩ ከሚሰበርበት ከላይኛው ጠርዝ ነው። ይህን አንዲት ነገር መሳት በየዓመቱ ብዙ አጥር ያስወስዳል፤ ሥዕሉ ላይ 15 ሜትር የተባለው ከለላ መሬት ላይ 6 ሜትር ሆኖ ይገኛል።

ተዳፋቱ ላይ ስትራመዱ የምትፈልጓቸው ምልክቶች ጥቂት ናቸው፤ ግን አይዋሹም። ባሕር ዛፉ ከሥሩ እንደ ማጭድ ጎብጦ ወደ ላይ የቀና ከሆነ መሬቱ ቀስ እያለ ሲሄድ ቆይቷል። የመብራት ምሰሶዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ እንደሆነ፣ የኮብልስቶኑ ረድፍ በመሐል ተከፍቶ እንደሆነ፣ ድሮ ባልነበረበት ቦታ ምንጭ ወጥቶ እንደሆነ መዝግቡ። ግድግዳ ላይ ከመስኮት ጥግ የሚነሣ ሰያፍ ስንጥቅ ካያችሁ ስንጥቁን አቋርጦ በጀሶ ትንሽ ልጥፍ አስደርጉና ቀኑን በላዩ ጻፉበት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጀሶው ከተሰነጠቀ መሬቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ድፍን ሆኖ ከቆየ ስንጥቁ የድሮ መቀመጥ ሊሆን ይችላል። ከመሣሪያ ሁሉ በፊት ደግሞ የሰፈሩን ሰው ጠይቁ። «እማማ፣ ይህ በር መቼ ጀምሮ ነው አልገጥም ያለው?» የምትል ጥያቄ የአንድ ቀን ቅየሳ ታስቀራለች። «ካቻምና ክረምት» ካሉና ጎረቤታቸውም ያንኑ ክረምት ከጠቀሰ ሁለቱን ቤቶች በካርታ ላይ አገናኙ፤ መስመሩ ብዙ ጊዜ የስብራቱን አቅጣጫ ይሰጣችኋል።

የተዳፋት መጠን ማስላት ቀላል ነው። በ1 ለ1000 ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 10 ሜትር ነው፤ የኮንቱሩ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር) የከፍታ ልዩነት 2 ሜትር ከሆነና ሁለቱ መስመሮች በ1 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ ተዳፋቱ 20 በመቶ ነው። እኔ የምመክረው አሠራር ይህ ነው፦ እስከ 15 በመቶ በተለመደው መንገድ ሸንሽኑ፤ ከ15 እስከ 20 ያለውን የእርከንና የውኃ መውረጃ ሥዕል ሳይያያዝበት አትፈርሙ፤ ከ20 በላይ የአፈር ምርመራ ጠይቁ፤ ከ30 በላይ ለደን ተዉት። «ሰው እኮ ገብቶ ሠርቶበታል» የሚል መልስ ይመጣል። ሰው መግባቱ መሬቱን ደህና አያደርገውም፤ ከታች ያሉትን ቤቶች ቁጥር ብቻ ነው የሚጨምረው።

የቦታው አቀማመጥም ብዙ ይለውጣል። 200 ካሬ ሜትር ቦታ፣ 10 በ20 ሆኖ፣ ረጅሙ ጎን ወደ ቁልቁል ቢቀመጥና ተዳፋቱ 20 በመቶ ቢሆን ከላይና ከታች ባለው ወሰን መካከል 4 ሜትር ልዩነት ይፈጠራል። ባለቤቱ ግቢውን ደልዳላ ለማድረግ ከኋላ 4 ሜትር ሊቆርጥ ነው ማለት ነው። ያንኑ ቦታ ብናዞረውና 20 ሜትሩ ኮንቱሩን ተከትሎ ቢተኛ ልዩነቱ 2 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ይህን ተራ የድጋፍ ግንብ ይችለዋል። ዋጋ ግን አለው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቤት ቢኖር፣ በመጀመሪያው አቀማመጥ ለአንድ ቤት 5 ሜትር መንገድ ይበቃ ነበር፤ በሁለተኛው 10 ሜትር ይጠይቃል። የመንገድና የቧንቧ ወጪው እጥፍ ሲሆን የበጀት ክፍሉ ይቆጣል። 14 በ14 አካባቢ ያለው ቅርጽ መሐከለኛ መፍትሔ ነው፤ ልዩነቱ 2.8 ሜትር ይሆናል። ሽንሻኖ ሲቀርብላችሁ ቦታው ሁሉ 10 በ20 ሆኖ ከተደረደረ ሥራው ኮንቱር ሳይታይ በኮምፒውተር ላይ የተገለበጠ ነው፤ መልሱት።

ደሴ ላይ ከማየው ጥፋት ሁሉ የሚከፋው የተራራውን እግር መቁረጥ ነው። ባለቤቱ ከኋላ ይቆርጣል፣ የቆረጠውን አፈር ከፊት ለፊት ወደ ቁልቁል ይደፋል፣ በተደፋው አፈር ላይ ደግሞ የሽንት ቤት ጉድጓድ ይቆፍራል። ሦስት ስሕተት በአንድ ግቢ። መቁረጡ የላይኛውን ጎረቤት ድጋፍ ያሳጣዋል፤ ድፉ የታችኛው ጎረቤት ራስ ላይ ሸክም ይጭናል፤ ጉድጓዱ ያንን ልል አፈር ዓመቱን ሙሉ ያረጥበዋል። የፕላን ስምምነት ስትሰጡ ይህን በጽሑፍ ከልክሉ፤ በቃል የተነገረ አይቆጠርም። ከ2 ሜትር በላይ ቁርጥ ካለ የመሐንዲስ ስሌት ይያያዝ፤ ከግንቡ ኋላ ጠጠር ይሞላ፤ ግንቡ በየ2 ሜትሩ የውኃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ይኑረው፤ ትርፍ አፈሩ ከቦታው ይነሣ፤ ጉድጓዱ ከድፉ ይራቅ። ቀኑንም ጻፉ፦ ቁፋሮው ከግንቦት በኋላ እንዳይጀመር። የሰኔ ቁፋሮ ግንቡ ሳይቆም ሐምሌ ይደርስበታል፤ የሚናደውም ያን ጊዜ ነው። ግንቡ ራሱ ጠንካራ ሆኖ ከኋላው ውኃ ስለሚታቆር ብቻ የሚገለበጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀዳዳዎቹ በኖራ ወይም በሲሚንቶ ተደፍነው እንደሆነ በእንጨት ወግታችሁ ፈትሹ።

አሁን ወደ ውኃው ስሌት እንግባ፤ ብዙ ባለሙያ የሚዘለው እዚህ ነው። አንድ አዲስ ሰፈር 6 ሔክታር ነው እንበል። ከሰፈሩ በፊት ሣርና ማሳ ስለነበር ከሚዘንበው 0.35 ያህሉ ብቻ ይፈስስ ነበር፤ ቆርቆሮና ኮብልስቶን ሲለብስ 0.75 ይደርሳል። የዝናቡን ኃይል በሰዓት 80 ሚሊ ሜትር ብትወስዱ፣ ሦስቱን ቁጥሮች (የሚፈስሰውን ድርሻ፣ የዝናቡን ኃይልና የሰፈሩን ስፋት በሔክታር) አባዝታችሁ ለ360 ስታካፍሉ ከግንባታው በፊት በሰከንድ 0.47 ሜትር ኩብ፣ ከግንባታው በኋላ 1 ሜትር ኩብ ውኃ ታገኛላችሁ። ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው፣ ያውም አንዲት ጠብታ ዝናብ ሳትጨመር። ይህን ውኃ የሚቀበለው ቦይ ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከታች ያለው የድሮ ሰፈር ቦይ ነው፤ እሱም ለግማሹ ተብሎ የተሠራ ነው።

የቦዩንም አቅም አስሉት። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የድንጋይ ግንብ ቦይ በ4 በመቶ ተዳፋት ላይ ጢም ብሎ ሲሞላ በሰከንድ 1.2 ሜትር ኩብ ያህል ያሳልፋል። ስለዚህ ለዚህ ሰፈር ይበቃል ትላላችሁ። አንድ ሦስተኛው በደለልና በፌስታል ሲሞላ ግን 0.74 ይቀረዋል፤ አይበቃም። ያው ቦይ ከታች ሜዳው ላይ ደርሶ ተዳፋቱ 1 በመቶ ሲሆን ደግሞ ንጹሕ ሆኖ እንኳ 0.6 ገደማ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ጎርፍ ሰው ቤት የሚገባው ቁልቁሉ ላይ አይደለም፤ ቁልቁሉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ሥዕል ስትመረምሩ ጣታችሁን ቦዩ ላይ አድርጋችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ ተዳፋቱ በሚሰበርበት ቦታ ቦዩ ካልሰፋ ሥዕሉ ስሕተት አለበት። ቁልቁሉ ላይም ውኃው በሰከንድ ከ3 ሜትር በላይ ስለሚሮጥ ቦዩ በየመሐሉ ፏፏቴ የሚመስል እርከን ይፈልጋል፤ አለዚያ ወለሉን ቦርቡሮ ግንቡን ከሥር ያወጣዋል። የተሸፈነ ቦይ ከሆነ ቢያንስ በየ20 ሜትሩ የሚነሣ ክዳን ይኑረው። ክዳን የሌለው የተደፈነ ቦይ የማይጠረግ ቦይ ነው።

ስለ መንገድ አጭር ልበል። በተራራ ሰፈር የውስጥ መንገድ ከ12 በመቶ በላይ አታውጡ፤ ባጃጅ ሊወጣ ይችል ይሆናል፣ የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ ግን በክረምት እርጥብ ኮብልስቶን ላይ አይወጡም። ከዚያ በላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣውን የእግረኛ ደረጃ አድርጉት፣ 3 ሜትር ስፋት ይበቃዋል፣ ቦዩ በጎኑ ይሂድ። ቁልቁል ቀጥ ብሎ የወረደ የመኪና መንገድ በክረምት ወንዝ ነው።

ቅየሳ ላይ አንዲት ወጥመድ አለች፤ ስለ እሷ ሰፋ አድርጌ መጻፍ ያስፈልገኛል። የድሮ ካርታዎቻችን አዲንዳን በሚባለው መነሻ (የቦታ መለያ ቁጥሮች በሚሰሉበት መሠረት) የተሠሩ ናቸው፤ የእጅ ጂፒኤስና የስልክ ካርታ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ይጠቀማሉ። የሁለቱም የካርታ ቁጥር ክልል ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ስለሚባል፣ ቁጥሮቹም ስለሚመሳሰሉ ስሕተቱ በዓይን አይታወቅም። በእኛ አካባቢ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ ነው። የአዲንዳኑን ቁጥር ሳይቀይር እንደ ደብሊውጂኤስ ያስገባ ሰው ቦታውን ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያሸሸዋል። ደሴ ላይ 200 ሜትር ማለት ከሜዳ ወደ ገደል፣ ከመኖሪያ ወደ አረንጓዴ ነው። አንድ ቦታ ለሁለት ሰው የተሰጠ ሲመስል ክርክር ከመጀመሩ በፊት ይህን አጣሩ። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ መሬት ላይ የማይነቃነቅ አንድ ነገር፣ የአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ጥግ ወይም የመስጊድ ሚናራ፣ በሁለቱም ካርታ ላይ ፈልጉና ቁጥሮቹን አስተያዩ። በ90 እና በ200 አካባቢ ከተለያዩ በሽታው ይሄ ነው። በ5 ወይም በ10 ሜትር ከተለያዩ ግን የእጅ ጂፒኤስ ተለክቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ የእጅ ጂፒኤስ ለጉብኝት እንጂ ለወሰን አይሆንም። ወሰን በቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን አብሮ በሚለካው የቅየሳ መሣሪያ) ወይም በትክክለኛው የቅየሳ ጂፒኤስ ከታወቀ መቆጣጠሪያ ነጥብ ተነሥቶ ይለካ። በእያንዳንዱ ሳይት ፕላን ጥግ ላይ የመነሻው ስም ተጽፎ ካልመጣ አትፈርሙ።

ከሕጉ ወገን የምትመላለሱባቸው ሰነዶች ጥቂት ናቸው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን (የመላው ከተማ) እና የአካባቢ ልማት ፕላን (የአንድ ሰፈር ዝርዝር) የሚባሉትን ደረጃዎች አስቀምጧል፤ መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት የሚያገለግል ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ከፍሏል፤ ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጥ ሕንፃ፣ እንዲሁም የሕዝብ መገልገያና ፋብሪካ ምድብ ሐ ውስጥ እንዲገባ አድርጓል። ለሊዝ 721/2004፣ ለካሳ 1161/2011 ወጥተዋል። ከአዋጆቹ ቀጥሎ የወጡትን ማሻሻያዎችና የክልሉን ደንብና መመሪያ ከሕግ ባለሙያው ጋር እየተያያችሁ በአንድ ክላሰር አስቀምጡ፤ ስብሰባ ላይ አንቀጹን አውጥቶ ማሳየት የሚችል ባለሙያ ይከበራል።

30፣ 30፣ 40 የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለሕንፃ። ደሴ ላይ ይህን በየሰፈሩ እኩል ለማካፈል መሞከር ያስቸግራል። ጦሳ እግር ሥር ያለ ሰፈር አረንጓዴው 50 በመቶ ቢሆን ትክክል ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ግን 30 አይገኝም። ሒሳቡን በከተማ ደረጃ ጠብቁ። በየሰፈሩ ግን አረንጓዴውን ማንም የማይፈልገው ቦረቦር ውስጥ ደብቆ «30 ሞላ» ማለት ተገቢ አይደለም፤ ልጆች የሚጫወቱበት ደልዳላ መሬት ከዚያ ውስጥ መኖር አለበት።

የከፍተኛ ባለሙያ አብዛኛው ቀን የሚያልፈው በጥያቄ ላይ አስተያየት በመጻፍ ነው። አረንጓዴው ወደ ቅይጥ (የመኖሪያና የንግድ) አገልግሎት ይቀየርልን፣ መንገዱ ይጥበብልን፣ ፎቁ ይጨመርልን የሚል ደብዳቤ ይመጣል። አስተያየቱ ላይ እውነታውን፣ ሕጉን፣ አማራጩንና ምክራችሁን ለያይታችሁ ጻፉ። ለምሳሌ፦ «ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ ለአረንጓዴ ተመድቧል። ነሐሴ 12 በመስክ እንደታየው ተዳፋቱ 24 በመቶ ሲሆን በምሥራቅ ወሰኑ የክረምት ውኃ መውረጃ አለ። ቢገነባበት ውኃው ከታች ወዳሉት 9 ቤቶች ይዞራል። በአማራጭነት ከመንገዱ ማዶ ያለው ያልተያዘ ቦታ ታይቷል። በዚህ ምክንያት ለውጡ እንዳይፈቀድ ሐሳብ እናቀርባለን።» ይህ ነው። «አግባብነት የለውም» ብቻ የሚል አስተያየት በማግሥቱ ይገለበጣል፤ 9 ቤቶች የሚል አስተያየት ግን የሚገለብጠውን ሰው ስሙን እንዲጽፍ ያስገድደዋል። የበላይ አካል ከእናንተ ምክር የተለየ ውሳኔ ሊወስን ይችላል፤ ሥልጣኑ የእሱ ነው። ውሳኔው በጽሑፍ ይሁን፣ አስተያየታችሁም ከፋይሉ አይውጣ። በስልክ ለመጣ ትእዛዝ «እሺ ጌታዬ፣ በደብዳቤ ይላክልኝና ዛሬውኑ እሠራዋለሁ» ማለት ጨዋነትም ጥንቃቄም ነው።

መንገድ ስታሰፉ ከመስመሩ ሥር ያሉትን ቤቶች ሥዕሉ ከመጽደቁ በፊት ቁጠሩ። መስመሩን በ4 ሜትር ወደ አንድ ወገን በማሸሽ ብቻ ግማሹን ቤት ማትረፍ የሚቻልበት ጊዜ አለ። አንዴ ከጸደቀ በኋላ ግን እያንዳንዱ ሜትር ካሳና ምትክ ቦታ ነው፤ በጀት ሳይኖር የተሰመረ መስመርም ባለቤቱ ቤቱን እንዳያድስ፣ እንዳይሸጥ አድርጎ ለዓመታት አስሮ ያስቀምጠዋል። ይህ ከሁሉ በላይ ሰው ያስለቅሳል።

የሕዝብ ቁጥር ላይም ተጠንቀቁ። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ ያን ጊዜ የደሴ የከተማው ነዋሪ 120 ሺህ ያህል፣ የኮምቦልቻ ደግሞ 59 ሺህ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው፤ በመሐሉም ጦርነትና መፈናቀል አልፏል። ስለዚህ ትንበያውን ብቻ ይዛችሁ የትምህርት ቤት ቦታ አትመድቡ። የ1ኛ ክፍል ተማሪዎችን ቁጥር ከትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የአዳዲስ ቆጣሪ ብዛት ከመብራትና ከውኃ ወስዳችሁ አስተያዩ፤ ሦስቱ ከተራራቁ ምክንያቱን ሳታውቁ አትለፉ። አንድ ቆጣሪ ላይ አራት አባወራ ያለበት ግቢ ብዙ ነው።

የሕዝብ ውይይት ቀን መምረጥ ራሱ ሙያ ነው። ሰኞ የገበያ ቀን ነው፤ ዓርብ ከረፋዱ በኋላ ጁምዓ ነው፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው፤ 12ና 21ንም የቀን መቁጠሪያ ላይ እዩ። ሼሁም ቄሱም ካልተገኙ፣ ምርቃቱና ዱዓው ካልቀደመ፣ ሰው ልቡን ከፍቶ አይናገርም። ካርታውን በትልቁ አሳትሙት፤ የቦታ ቁጥር ሳይሆን መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ምንጩ፣ ወፍጮ ቤቱ በስማቸው ይጻፉበት። ግድግዳ ላይ ከመስቀል ይልቅ መሬት ላይ ዘርግታችሁ፣ ካርታው ላይ ያለው ጦሳ ወደ እውነተኛው ጦሳ እስኪዞር አሽከርክሩት። ወዲያው ሽማግሌው በከዘራቸው «ውኃው እኮ እዚህ አይደለም የሚወርደው፣ በዚህ ነው» ብለው ያሳያሉ። ያንን ምልክት እዚያው በቀይ እስክሪብቶ አስምሩና ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሩት። እናቶችን ለብቻ ጠይቁ፤ ውኃ የሚቀዳበትን፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበትን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በፕላኑ ላይ የተዘጋች አንዲት የእግር መንገድ ለልጆች ትልቅ ዙሪያ ጥምጥም ልትሆን ትችላለች።

ኮምቦልቻ ሌላ ነገር ናት። ሜዳው ላይ ችግሩ ውኃው መሮጡ ሳይሆን አለመሄዱ ነው፤ ቦይ ቢያንስ ግማሽ በመቶ ተዳፋት ካልተሰጠው ይታቆራል። ጥቁር ዋልካ ባለበት ቦታ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጥልቀት ካልተሰጠው አንድ ፎቅ ቤት እንኳ ይተረተራል። ቦርከና፣ ወርቃና ለዮሌ በከተማዋ ውስጥ ስለሚያልፉ፣ የፋብሪካ ፍሳሽም ስለሚደርሳቸው የወንዝ ዳር ከለላው ለጎርፍ ብቻ ሳይሆን ለጤናም ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ዋናው የፕላን ጥያቄ ሠራተኛው የት ይደር የሚለው ነው። ለፋብሪካ መሬት ስናዘጋጅ በእግር ሊደረስበት በሚችል ርቀት የኪራይ ክፍል የሚሠራበት ቦታ ካላዘጋጀን ሠራተኛዋ ሌሊት በጨለማ ትሄዳለች፤ ወይም ዙሪያውን ጨረቃ ቤት ይሞላዋል። የጭነት መኪናው መንገድ ከሰፈሩ መንገድ ይለይ። አየር ማረፊያው አጠገብ ፎቅ ሲጠየቅ የሲቪል አቪዬሽን የከፍታ ማረጋገጫ ሳይያያዝ ፋይሉን አትቀበሉ።

ስለ ሰነድ አያያዝ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። በአንድ ክፍል፣ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ያለ ፕላን የለም ማለት ነው። የጸደቀው ሥዕል በወረቀት፣ በኮምፒውተርና ከከተማው ውጪ በሚገኝ ሌላ ቦታ፣ በሦስት ይቀመጥ። የፋይሉ ስም ላይ ቀን ይኑር፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች ያሉበት ኮምፒውተር ላይ የትኛው እንደጸደቀ ማንም አያውቅም። የጸደቀውን በማኅተም ስካን አድርጉና ሌሎቹን ወደ ሌላ ፎልደር አንሡ። የመስክ ማስታወሻችሁንም፣ ጀሶው የተለጠፈበትን ቀን፣ በቀይ የተሰመረውን የሽማግሌውን መስመር፣ ከዚያው ፋይል ጋር እሰሩት፤ ከእናንተ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ባለሙያ በሚመጣው ነሐሴ ያንኑ ቁልቁለት ሲወጣ ያስፈልገዋል።